ሴራ፦ በሀዲያና በከምባታ ገበሬዎች ዘንድ የክርክር አፈታት ታሪክና ለትምህርት ያለው ቁም ነገር

መግቢያ

በአማርኛ «ሴራ» የሚለው ቃል ተንኮልን፣ በስውር የሚዶለትን ክፉ ምክር ያመለክታል። በሀዲይኛና በከምባትኛ ግን ይኸው ቃል ሕግ ማለት ነው፤ አንድ ማኅበረሰብ ተስማምቶ የሚተዳደርበት ደንብ፣ የሚዳኝበት ሥርዓት ማለት ነው። በሲዳምኛ፣ በኦሮምኛና በጉራጊኛም በዚሁ ትርጉም ይታወቃል። በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ክፍል ውስጥ አንድ ዕጩ መምህር «የአያቶቼ ሴራ» የሚል ርዕስ የሰጠውን ጽሑፍ ለጓደኞቹ ሲያነብ፣ ከሌላ አካባቢ የመጡት ሳቁበት። ልጁም አፍሮ ርዕሱን «የአያቶቼ ባህል» ብሎ ለወጠው። በዚህ ለውጥ የጠፋ ነገር አለ። ባህል የሚለው ቃል አለባበስንም፣ ዘፈንንም፣ ምግብንም ያቅፋል፤ ሕግ የሚለው ግን መብትን፣ ግዴታንና ዳኝነትን ያመለክታል። ዕጩው መምህር ሊናገር የፈለገው ስለ ሁለተኛው ነበር።

ገጠመኙ ትንሽ ቢመስልም በሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ የቆየውን አንድ ጉድለት ያሳያል። ስለ ሕግ ታሪክ ስናስተምር ከፍትሐ ነገሥት ተነሥተን በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በኩል አድርገን ወደ 1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት እንሻገራለን። የገበሬውን ዳኝነት ግን በወግና ልማድ ምዕራፍ ውስጥ ከሠርግና ከለቅሶ ጋር አስጠግተን፣ ዓመተ ምሕረት የሌለውና ሳይለወጥ የኖረ ነገር አስመስለን እናልፈዋለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሀዲያና በከምባታ የገበሬ ማኅበረሰብ ክርክር የሚፈታበት ሥርዓት የራሱ ታሪክ ያለው የዳኝነት ተቋም መሆኑን ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ማስረዳት ነው። ዋናው አሳብም የሚከተለው ነው። የዚህ ዳኝነት ኃይል የመነጨው ሰዎች አብረው ለመኖር ካለባቸው ግዴታ ነው። ድክመቱም የመነጨው ከዚያው ነው፤ ይኸውም «ከእኛ ጋር እኩል የሚኖረው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ይሰጠው ከነበረው ጠባብ መልስ ነው። አንዱን ብቻ ያስተማረ መምህር ወይ ውዳሴን ወይ ነቀፌታን አስተማረ እንጂ ታሪክን አስተማረ አይባልም።

፩. የአካባቢው ኑሮና የክርክር መነሻ

ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 232 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር ለነበረው የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ሆና አገልግላለች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአዲስ መልክ የተቋቋመው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። የከምባታ ዋና ከተማ ዱራሜ ስትሆን፣ የከምባታ ሕዝብ የጥንት መነሻዬ ነው ከሚለው ከሐምበሪቾ ተራራ ብዙም አትርቅም።

አካባቢው የእንሰት አገር ነው። ገበሬው ጎጆውን የሚሠራው በእንሰቱ መካከል ነው፤ እንሰቱም የሚለማው በከብቱ ፍግ ነው። ሕዝቡም በመሬቱ ላይ እጅግ ተጠጋግቶ ይኖራል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በሀዲያ ዞን ከ1 ሚሊዮን 231 ሺህ በላይ፣ በያኔው የከምባታ ጠምባሮ ዞን ከ680 ሺህ በላይ ሰዎች ተቆጥረዋል። ይህም በሀዲያ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 340፣ በከምባታ ጠምባሮ ደግሞ ወደ 500 ሰው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ክንድ መሬት ቁም ነገር ነው።

እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ዘንድሮ የበቀለበትን ከርሞ ሌላ ቦታ እንደሚዘራው እህል አይደለም። ስለዚህ የእንሰት ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ሲጣላ በቀላሉ ነቅሎ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ከዚህም ሌላ ቤት የሚሠራው በደቦ ነው። እንሰት የሚፋቀው ሴቶች ተሰባስበው ነው። ቅቤ በየተራ የሚጠራቀመው ሴቶቹ ዊጆ በሚሉት ማኅበር ነው። አስከሬን የሚሸከመውም ጎረቤት ነው። ዛሬ በፍርድ የተረታው ሰው ነገ የረታውን ሰው ቃሬዛ ይሸከማል።

የክርክሩም መነሻ ከዚህ ኑሮ የተለየ አይደለም። ወሰን መግፋት፣ የጎረቤት ከብት ገብቶ ሰብል ማጥፋቱ፣ የውርስ ክፍፍል፣ የግጦሽና የውሃ መውረጃ ጉዳይ፣ ብድር፣ የጋብቻ መፍረስ፣ ስድብና ድብድብ በብዛት የሚነሡት ናቸው። ከሁሉ የከበደው ነፍስ መግደል ነው። በትንሹ የወሰን ክርክር ተጀምሮ ወደ ነፍስ ግድያ የደረሰ ጠብ በየአካባቢው ስለሚታወቅ፣ ሽማግሎች ትንሹን ክርክር ቀድሞ መያዝን የሥራቸው ሁሉ መጀመሪያ ያደርጉታል።

፪. ዳኝነቱ እንዴት ይካሄዳል

በሁለቱም ሕዝቦች ዘንድ ዳኛውና የማኅበረሰቡ መሪ «ዳና» ይባላል። ዳናነት እንደየደረጃው ነው። የቤተሰብና የቅርብ ዘመድ ጉዳይ በቤተ ዘመድ ታላላቆች ይታያል፤ ከዚያ ያለፈው ወደ መንደሩ ይሄዳል፤ የመንደሩ ያልበቃው ጎሣዎችን ወደሚያገናኘው ሸንጎ ይደርሳል። በከምባታ በጉርብትና ላይ የተመሠረተው ማኅበር ጎጎታ ይባላል፤ የራሱም ዳና አለው። ያዕቆብ አርሳኖ ስለ ከምባታ ሴራ ያቀረቡትና ባሕሩ ዘውዴና ዚግፍሪድ ፓውሰዋንግ እ.ኤ.አ. በ2002 ባዘጋጁት መጽሐፍ ውስጥ የወጣው ጥናት፣ ሴራ በየደረጃው በሚገኙ መሪዎችና በማኅበረሰቡ ፈቃድ የሚሠራ የአስተዳደር ሥርዓት መሆኑን ያስረዳል።

ሸንጎው የሚቀመጠው በአደባባይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ነገሩ በምርቃት ይከፈታል። ከሳሽ ይናገራል፤ ተከሳሽ ሳያቋርጠው ይሰማል፤ ቀጥሎ ተራው ለተከሳሹ ይሆናል። ሁለቱም ለውሳኔው ለመገዛት ዋስ ይጠራሉ። ምስክር ይሰማል። ነገሩን በምስክር ማጥራት ካልተቻለ መሐላ ይቀርባል። መሐላ የሚፈራ ነገር ነው፤ በሐሰት የማለ ሰው ጥፋቱ ለልጆቹ እንደሚተርፍ ስለሚታመን፣ ብዙ ሰው ከመማሉ በፊት እውነቱን ይናገራል። በመጨረሻም ሽማግሎች ለብቻቸው ፈንጠር ብለው ይመክሩና ውሳኔያቸውን በአንድ አፍ ያሰማሉ።

ይህ ሸንጎ እስር ቤትም ፖሊስም የለውም። ታዲያ ውሳኔውን የሚያስፈጽመው በምን ኃይል ነው? መልሱ ቀደም ሲል በተገለጸው ኑሮ ውስጥ ይገኛል። ቀላሉ ቅጣት መቀጮ ነው። ለውሳኔ አልገዛም ያለ ሰው ግን ከማኅበረሰቡ ይገለላል። እሳት የሚጭርለት አይኖርም፤ ደቦ ሲጠራ የሚመጣለት አይገኝም፤ ከብቱ ከሌላው ከብት ጋር አይሰማራም፤ ከቤቱ ሰው ቢሞት ቀባሪ ያጣል። እድር ከተስፋፋ ወዲህ ይህ ቅጣት በእድር ደንብ ውስጥ እየተጻፈ መጥቷል። እንሰቱን ነቅሎ መሄድ ለማይችል ገበሬ ከዚህ የበለጠ ቅጣት የለም።

ነፍስ በጠፋ ጊዜ ሥርዓቱ ይረዝማል። የገዳይና የሟች ወገኖች በመንገድ፣ በገበያና በውሃ ዳር እንዳይገናኙ ይደረጋል። የገዳይ ወገን ሽማግሎችን አማላጅ አድርጎ ይልካል። የሟች ወገን አማላጆቹን ቶሎ አይቀበልም፤ ይህም መዘግየት ራሱ የሥርዓቱ ክፍል ነው፤ ኀዘኑ እንዲበርድ ጊዜ ይሰጣልና። በመጨረሻ የደም ካሣው፣ ማለትም ጉማው ተቆርጦ በወገን ይዋጣል። ከብት ታርዶ የመንጻት ሥርዓት ይፈጸማል፤ ሁለቱ ወገኖችም አብረው ይበላሉ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ደም ማድረቅ የሚባለው የዕርቅ ሥርዓትም በብዙ ነገር ይህን ይመስላል። በሁለቱም ዘንድ ካሣውን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን ወገኑ ሁሉ ስለሆነ፣ ወገን የራሱን ልጅ ከጥፋት የሚጠብቅበት ምክንያት ይኖረዋል።

የዚህን ዳኝነት መንፈስ ለማስረዳት አንድ ገጠመኝ መጥቀስ ተገቢ ይሆናል። ይህ ጸሐፊ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሆሳዕና ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ጀማሪ መምህር ሳለ፣ የሁለት ጎረቤታሞችን የወሰን ክርክር የሰሙ ሽማግሎች ውሳኔያቸውን በጽሑፍ እንዲያሰፍርላቸው ጠሩት። አንደኛው ገበሬ የእንሰት ችግኞቹን ከወሰኑ አልፎ በጎረቤቱ መሬት ላይ ተክሏል። ክርክሩ ሸንጎ ፊት ሲቀርብ ችግኞቹ ሁለት ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ሽማግሎቹ ወሰኑ ወደ ቀድሞው ቦታ እንዲመለስ ፈረዱ፤ እንሰቱ ግን እንዳይነቀል፣ ለምግብ ሲደርስም ሁለቱ ቤቶች እኩል እንዲካፈሉት ወሰኑ። ጸሐፊው በትምህርት ቤት የቀሰመውን የፍርድ አጻጻፍ ተከትሎ «ጥፋተኛ ሆኖ ስለተገኘ» የሚል ሐረግ አስገባ። ጽሑፉ ሲነበብ ከሁሉ በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ይህን ቃል አውጣው። ወረቀቱ ከእኛ በኋላ ይኖራል፤ ልጆቻቸው ያነቡታል» አሉት። ሐረጉ ወጣ፤ በምትኩ «ወሰኑ በቀድሞው ቦታ ጸንቷል» ተብሎ ተጻፈ።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ እውነቱ አልተሸፈነም፤ ወሰኑ ለባለቤቱ ተመልሷልና። ነገር ግን ፍርዱ ትናንት የሆነውን ከመበየን አልፎ ሁለቱ ቤቶች ነገ እንዴት እንደሚኖሩ ያስባል። እንሰቱ እስኪደርስ ድረስም ሁለቱ ሰዎች የጋራ ንብረት ያላቸው ሆኑ። ይህ በሀዲያና በከምባታ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ማክስ ግለክማን የተባሉት የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዛሬ ዛምቢያ በሚባለው አገር በባሮትሴ ሕዝብ ዳኝነት ላይ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተሙት መጽሐፍ ተመሳሳይ ነገር አመልክተዋል። በዘመድነት፣ በጉርብትናና በሥራ በብዙ በኩል የተሳሰሩ ሰዎች ሲካሰሱ፣ ዳኞች የቀረበውን አንድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ግንኙነታቸውን በሙሉ እንደሚመረምሩና መፍረሱን ለመከላከል እንደሚጥሩ አስረድተዋል።

፫. የመንግሥት ሕግና የመንደር ሴራ

ሀዲያ በታሪክ ጽሑፎች ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ይጠቀሳል። በዐፄ ዐምደ ጽዮንና በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕሎች ውስጥ የሀዲያ መሪዎችና ገራዶች ተጽፈዋል፤ ንግሥት እሌኒም የሀዲያ ገራድ ልጅ ነበሩ። ሆኖም ዜና መዋዕል የሚዘግበው ዘመቻን፣ ግብርንና ሹመትን ነው። የመንደሩ ዳኝነት የተጠበቀው በአፍ ነው። ጀርመናዊው የታሪክ ተመራማሪ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት የሀዲያ ታሪክ በአብዛኛው ከሽማግሎች ቃል የተሰበሰበ መሆኑ ይህንኑ ያረጋግጣል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ከምባታ «ዎማ» በሚባል ንጉሥ ይተዳደር ነበር። ሀዲያ ግን ሌሞ፣ ሶሮ፣ ሻሾጎ፣ በደዋቾና ሌሎችም ተብሎ በየወገኑ የሚመራ ሕዝብ ነበር። እንዲህ በላይኛው አስተዳደራቸው የተለያዩት ሁለት ሕዝቦች በመንደር ዳኝነታቸው እጅግ መመሳሰላቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። ሴራ የዙፋን ውጤት አልነበረም፤ ዙፋን በነበረበትም ባልነበረበትም አገር ከጎረቤታሞች ኑሮ የበቀለ ነው። በመሆኑም በመቶ ዘመኑ መጨረሻ ሁለቱም በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ሲጠቃለሉ የዎማው ዙፋን ቀረ፤ የመንደሩ ዳና ግን አልቀረም።

ከዚያ በኋላ በገበሬው ላይ ሁለት ዳኝነት ተደራረበ። አንዱ ከላይ በተሾሙት ገዥዎች፣ በባላባቱና በጭቃ ሹሙ በኩል የሚወርደው ነው። ሁለተኛው የቆየው ሴራ ነው። በመንግሥት ችሎት የሚሠራው በአማርኛ ስለነበረ አማርኛ የማያውቅ ገበሬ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ማመልከቻ ለማጻፍ ለራፖር ጸሐፊ ይከፍላል፤ የዳኝነት ገንዘብ ያስይዛል፤ ይግባኝ ካለም እስከ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ክርክሩን ቢረታ እንኳ ለወጪው ሲል ከብቱን ሸጦ ይገኛል። ገበሬው ወደ ሽማግሎች የሚያዘነብለው ወግ አጥባቂ ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ በቋንቋው፣ በደጁና በአቅሙ የሚሰማው ሌላ ዳኛ ስላልነበረም ጭምር ነው።

መንግሥትም ይህን ፈጽሞ አልዘነጋውም። እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው አዋጅ ቁጥር 90 አጥቢያ ዳኞች ሲቋቋሙ፣ ትንንሽ ጉዳዮችን እንዲያዩና ባለጉዳዮችን እንዲያስታርቁ ታስቦ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን የተለየ መንገድ ያዘ። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት ይህ ሕግ በቁጥር 3347 በሕጉ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩትን የተጻፉም ሆነ የልማድ ደንቦች ሻረ። በዚያው ሕግ ስለ ማስታረቅና ስለ ሽምግልና ዳኝነት የሚናገሩ አንቀጾች ገብተዋል፤ የባልና ሚስት ፍቺም በመጀመሪያ በቤተ ዘመድ ሽማግሎች እንዲታይ ታዟል። ሕጉ የልማድን ደንብ አስወጥቶ ሽማግሌውን አስቀርቷል ማለት ይቻላል። በገጠር ግን ሽማግሌው ከአያቶቹ ከወረሰው ሴራ በቀር ሌላ የሚፈርድበት ሕግ አያውቅም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የክርክሩን መሠረት ራሱን ለወጠ። መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሸፍን ክልል የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ ማኅበሩም በመሬት ላይ የሚነሣ ክርክርን የሚያይ የፍርድ ሸንጎ ኖረው። በዚህ ሸንጎ የተቀመጡት ራሳቸው ገበሬዎች ስለነበሩ የአካባቢውን ቋንቋና ኑሮ ያውቁ ነበር። ይሁን እንጂ ሥልጣናቸው የመጣው ከአዋጅ እንጂ ከዕድሜና ከተሰሚነት ባለመሆኑ፣ የወሰኑት ጉዳይ ለዕርቅ ተመልሶ ወደ ሽማግሎች የሚሄድበት ጊዜ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕጎች ሊዳኙ እንደሚችሉ ደነገገ። በአንቀጽ 78 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤቶች ለሃይማኖትና ለባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሊሰጡ እንደሚችሉ አመለከተ። በኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. ለባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና የሚሰጥ አዋጅ ወጥቷል። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 159 ፍርድ ቤቶች የልማድ ዕርቅን እንዲያበረታቱ አዝዛለች። የወንጀል ጉዳይ ግን የተለየ ነው። ዕርቅ የዐቃቤ ሕግን ክስ አያስቀርም፤ የተበደለን መካስና መጸጸት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቅጣት ከሚያቀልሉ ምክንያቶች የሚቆጠር ነው። በዚህ የተነሣ ዛሬ አንድ የነፍስ ግድያ በሁለት በኩል ይታያል፤ ፍርድ ቤት ገዳዩን ይቀጣል፣ ሽማግሎች ወገኖቹን ያስታርቃሉ። አንዱ የሌላውን ሥራ ሊተካ አይችልም።

፬. ከሸንጎው ውጭ የቀሩት

እስከዚህ የተባለው የሥርዓቱን ጥንካሬ ያሳያል። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የወሰን ክርክር በታየበት በዚያው ወር ሌላ ጉዳይ ለሽማግሎች ቀርቦ ነበር። ባልዋ የሞተባት ሴት በባልዋ መሬት ላይ ልጆችዋን ልታሳድግበት ትጠይቃለች። ሴት በሸንጎ ቆማ አትናገርምና ቃልዋን ያቀረበላት የባልዋ ወንድም ነው። መሬቱን የሚፈልገውም እሱው ነበር። ሽማግሎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ለጎረቤታሞቹ ያን የመሰለ ፍርድ የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ነገር ግን የሰሙት በሌላ አፍ የተነገረውን ብቻ ነው። የዚያን ቀንም ጸሐፊው የታዘዘውን ጽፎ ተመለሰ።

ዳኝነቱ ሰላም የሚያወርደው እኩል በሚናገሩ ቤቶች መካከል ነው። ሴቲቱ የቤት አባል እንጂ ቤት ተብላ አልተቆጠረችም። በአንዳንድ የአገራችን አካባቢዎች በደም ዕርቅ ጊዜ ልጃገረድ ለሟች ወገን እስከ መስጠት መደረሱም ከዚሁ አሳብ የመጣ ነው። በሸክላ፣ በቆዳና በብረት ሥራ የሚተዳደሩት ወገኖችም እንዲሁ ነበሩ። በሚያንቋሽሽ ስም ይጠሩ ነበር፤ ከሌላው ጋር አይጋቡም፤ አብረው አይበሉም፤ በሸንጎም እኩል ቦታ አልነበራቸውም። ማግለል ለገበሬው ከሁሉ የከፋ ቅጣት ነው ብለናል። እነዚህ ሰዎች ግን ምንም ሳያጠፉ ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ቅጣት ውስጥ ይኖሩ ነበር።

ይህ ማለት ሴራ ሊለወጥ አይችልም ማለት አይደለም። በከምባታ የሆነው ነገር ተቃራኒውን ያስረዳል። ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ከምባቲ መንቲ ጌዚማ የተባለውን የሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቆም የመረጠው መንገድ በየቀበሌው ሕዝቡን አሰባስቦ ማወያየት ነው። ሽማግሎች፣ እድሮች፣ ወጣቶችና ሴቶች በአንድ ቦታ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ካመኑበት በኋላ እድሮቹ ድርጊቱን የሚከለክል ደንብ አወጡ። ሕዝቡ በራሱ አንደበት የቆረጠው ደንብ በመሆኑም በአካባቢው ድርጊቱ በእጅጉ ቀነሰ። ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 አርፈዋል። የሥራቸው ትምህርት ለእኛ ግልጽ ነው፤ ሴቶች በተቀመጡበት ሸንጎ የወጣው ሴራ ቀድሞ ከነበረው የተለየ ሴራ ሆነ፤ ሴራነቱን ግን አላጣም።

ሁለተኛው ፈተና የኑሮው መለወጥ ነው። የሀዲያና የከምባታ ወጣቶች ቀደም ባለው ጊዜ ወደ ወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ለሥራ ይሄዱ ነበር፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ብዙዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል። ዛሬ ለሽማግሎች የሚቀርበው ክርክር የደላላ ዕዳ፣ ከውጭ በተላከ ገንዘብ በከተማ የተሠራ ቤት፣ ወንድም በወንድሙ ስም የገዛው ቦታ ነው። ተከራካሪው ከጆሃንስበርግ በስልክ ቃሉን ሲሰጥ፣ ሽማግሎችም ስልኩን መካከላቸው አስቀምጠው ሲያዳምጡ ይህ ጸሐፊ ተመልክቷል። ነገር ግን እሳት መከልከል በጆሃንስበርግ የሚኖርን ሰው፣ ወይም በሆሳዕና ገበያ ከማያውቀው ሰው ጋር ውል የሚዋዋልን ነጋዴ አያስፈራውም። ግንኙነቱ በሳሳበት ቦታ የሴራ ኃይልም ይሳሳል፤ በዚያ ቦታ የፍርድ ቤት አስፈላጊነት ይጎላል። ሁለቱን እንደ ጠላት ከማየት ይልቅ እያንዳንዳቸው ለየትኛው ግንኙነት እንደሚስማሙ ማወቁ ይበጃል።

፭. ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው

ከላይ ከተመለከተው ታሪክ ለትምህርት ሥራ አራት ነጥቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ቃሉ በቃልነቱ ይከበር። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረውና በሂደት 15 ቋንቋዎችን ባዳረሰው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሀዲይኛና ከምባትኛ የንባብ ቋንቋ ሆነዋል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ይሰጥባቸዋል። በአማርኛ የሚዘጋጅ መጽሐፍም «ሴራ» የሚለውን ቃል ሲያነሣ በሁለቱ ቋንቋዎች ያለውን ትርጉም ቢያስረዳ፣ ተማሪው በአያቶቹ ሕግ ማፈሩ ቀርቶ ከሌላ አካባቢ የመጣው ጓደኛውም አንድ ቁም ነገር ይማርበታል።

ሁለተኛ፣ የገበሬው ዳኝነት በታሪክ ትምህርት ውስጥ በዘመን ተከፍሎ ይቀመጥ። በዎማው ዘመን፣ በጭቃ ሹሙ ዘመን፣ በገበሬ ማኅበሩ ዘመንና ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ምን ምን እንደተለወጠ ተማሪው ማነጻጸር ይችላል። «ከጥንት ጀምሮ» የሚለው አነጋገር በትምህርት መጽሐፍ ውስጥ በተቻለ መጠን በዓመተ ምሕረት ይተካ።

ሦስተኛ፣ ተማሪዎች ከሽማግሎች ቃል ሲሰበስቡ የሚከተሉት ጥያቄዎች ሁልጊዜ አብረው ይጠየቁ፦ በሸንጎው ማን ተቀመጠ? ማን ተናገረ? ስለ እሱ ሌላ ሰው የተናገረለትስ ማን ነው? ውሳኔው ባይፈጸም ምን ይደረጋል? እንዲህ ያለው ጥያቄ ተማሪውን ከአድናቆትም ከንቀትም ያወጣዋል። አያቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ሴት አያቶቹም ይጠየቁ፤ ሸንጎውን ከውጭ ያዩት እነሱ ናቸውና። የባለጉዳዮች ስም ግን በተማሪ ደብተር ውስጥ አይጻፍ። የታረቀ ነገር በትምህርት ቤት ተመልሶ እንዳይቀሰቀስ መጠንቀቅ የመምህሩ ኃላፊነት ነው።

አራተኛ፣ የገጠር መምህር ብዙ ጊዜ የሽማግሎች ጸሐፊ ሆኖ ይጠራል። ይህን ሥራ በማሠልጠኛ ተቋሞቻችን አናስተምርም። ዕጩ መምህሩ የስምምነት ሰነድ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ጉዳዩ የወንጀል ወይም የሕፃናት መብት ሲሆን ለማን ማመልከት እንዳለበት፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ልማድ ተፈጻሚነት እንደሌለው መደንገጉን ሊያውቅ ይገባዋል። ሰነዱን ከማንበቡ በፊትም «ባለቤትዋ ራስዋ ብትናገርስ?» ብሎ በትሕትና ለመጠየቅ የሚያስችለው ዕውቀትና ድፍረት ይኑረው። ያን ቀን ይህ ጸሐፊ አልጠየቀም።

ማጠቃለያ

የሀዲያና የከምባታ ሴራ የተጻፈ ባይሆንም ሕግ ነው፤ የቆየ ቢሆንም የሚለወጥ ነው። ንጉሥን፣ ባላባትን፣ የገበሬ ማኅበርን አልፎ እዚህ የደረሰው ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር መኖር ስላለበት ነው። የሚጎድለውም ጎረቤት ተብሎ የሚቆጠረው ማን እንደሆነ በሚገባ ሲጠየቅ ሊሟላ ይችላል፤ የከምባታ ሴቶች ይህን በተግባር አሳይተዋል። «ጥፋተኛ» የሚለውን ቃል ከወረቀቱ ያስወጡት ሽማግሌ ስለ ልጆቹ ነገ አስበው ነበር። የእነዚያ ልጆች ልጆች ዛሬ በየትምህርት ቤታችን ተቀምጠዋል። የሽማግሌውን ጥበብና የዚያችን ሴት ዝምታ በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሊማሩ ይገባቸዋል።